የባሕር ዳር ጥራጊ፣ የመርዓዊ ማሳ፦ በመሀል የጎደለው ማን ነው? (39 ምላሾች)

ይህን የመድረካችንን የውይይት ክር የከፈተው በቆጋ መስኖ የሚያለማ አንድ የሜጫ ገበሬ ነው። ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ጭኖ ባሕር ዳር አትክልት ተራ ያራግፋል። ሲመሽ የጎመኑ ቅጠል፣ የፈረጠው ቲማቲምና የበሰበሰው ሽንኩርት በአካፋ እየተዛቀ ወደ ከተማው ቆሻሻ መጣያ ሲጫን ያያል። በማግስቱ መርዓዊ ተመልሶ ለማዳበሪያ ይሰለፋል። ያ ሁሉ ቅጠል ማሳው ድረስ እንዳይመጣ የከለከለው ማን እንደሆነ ጠየቀና መልሱን ራሱ ሰጠ። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ነጋዴው፣ ዩኒቨርሲቲውና የገበሬዎች ዩኒየኑ በስም ቢተዋወቁም አንድ ገበታ ቀርበው አያውቁም፤ በሽታው የመሥሪያ ቤቶች አለመተባበር ነው፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው ባይ ነው።

መድረኩን ከሚያስተባብሩት አንዱ ስለሆንኩ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ጊዜ ለሌላችሁ ምላሽ በምላሽ እተርክላችኋለሁ። ዝም ማለት ያቃተኝ ቦታ ላይ የራሴንም ጣል አደርጋለሁ፤ አስተባባሪ ገለልተኛ መሆን አለበት የሚል ካለ ምላሽ 40 ክፍት ነው።

ምላሽ 1 ከዳንግላ መምህር መጣ። ክሩን የከፈተውን ወንድሙን አመስግኖ፣ ጥያቄው ወቅታዊ መሆኑን መስክሮ፣ መፍትሔ ያለውን በወግ አስቀመጠ። ግብርና፣ ጤና፣ ንግድ፣ ትምህርትና ማዘጋጃ ቤት የተወከሉበት የጋራ ኮሚቴ ይቋቋም፣ በየሩብ ዓመቱም ይገምገም ነው ሐሳቡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር በሚለው ዘጋው።

ምላሽ 2 ብዙ አልቆየም። የጻፈው ሰው ስሙንም አገሩንም አይገልጽም፤ ምላሱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተረት ናፍጣ እንደማይገዛ፣ እንዲህ ያለ ኮሚቴ መጀመሪያ የሚያስረውም አንበሳ ሳይሆን የውሎ አበል ሰነድ እንደሆነ ጻፈ። ብዙ ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ ወደ ኋላ ላይ ይመለሳል።

ምላሽ 3 ክሩን መሬት ያስነካ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በጽዳት ማኅበር የምትሠራ እናት ናት የጻፈችው፤ ገበሬውን በትሕትና አረመችው። ማታ ሲጫን ያየው ጎመን ብቻ አለመሆኑን አንድ የተሞላ ጋሪ እየገለበጠች አሳየችን። ከላይ የጎመን ቅጠል አለ፤ ከሥሩ የጫት ገራባ ከተጠቀለለበት ላስቲክ ጋር፤ ከዚያ ፌስታል በፌስታል ውስጥ ታስሮ፤ ከዚያ የሕፃን ዳይፐር፣ የበግ አጥንት፣ የተሰበረ ጠርሙስ፤ ከታች ደግሞ ሁሉንም ያጨማለቀው የቲማቲም ውኃ። የሃይላንድ ጠርሙሱንና ካርቶኑን በእጃቸው ለይተው ለቆራሌ ይሸጣሉ። እርጥቡን የሚገዛ የለም። ማኅበሩ የሚከፈለው ለማንሣት እንጂ ለመለየት አይደለም፤ ለመለየት የሚባክነው ሰዓት ከራሳቸው እንጀራ የሚቀነስ ነው። ቀጥላ ማንም ያላሰበውን ነገር አነሣች። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጎመኑ ቅጠል ገና በየነጋዴው እግር ሥር ስለሚገኝ ንጹሕ ነው፤ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከሌላው ጋር ስለሚደባለቅ ለማንም አይሆንም። ነገሩ የሦስት ሰዓት ጉዳይ ነው ማለቷ ነው። ከዚህ በላይ የተጻፈውን ሁሉ ትቼ ይህንን ብቻ ባነብ አይቆጨኝም ነበር።

ምላሽ 4 ሕግ ያወቀ ሰው ነው። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቆሻሻ ከምንጩ ተለይቶ እንዲወጣ የሚጠይቅ መሆኑን፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታልንም ያን ጊዜውኑ እንዳገደ አስታወሰ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ ከልክሏል። ሕግ ሞልቶ እንደተረፈ፣ የጎደለው በየነጋዴው ደጃፍ የሚቀመጥ ሁለተኛ በርሜል እንደሆነ ጠቁሞ ሄደ።

ከምላሽ 5 እስከ 7 ስለ ፌስታል ሆነ። አንዷ ሥጋ በምን ልትይዝ እንደሆነ ጠየቀች። ሌላው ዘንቢል የያዘ ወንድ ገበያ ላይ እንደሚሳቅበት ነገራት። ሦስተኛው በቢቸናና በሉማሜ ገበያ ዛሬም ሰሌን ዘንቢል ይዞ የሚሄድ ጎልማሳ ሞልቶ እንዳለ መስክሮ ክርክሩን ዘጋው። እኔም ዘንቢል ይዣለሁ፤ ማንም አልሳቀብኝም፤ ወይም ፊት ለፊት አልሳቀብኝም።

ምላሽ 8 የአፈር ባለሙያ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በአንዱ ያስተምራል። ጎመን ብቻውን ቢከመር ብስባሽ ሳይሆን ግማት እንደሚወጣው አስረዳ። እርጥቡና ናይትሮጅን የበዛበት የጎመን ቅጠል ካርቦን ከበዛበት ደረቅ ነገር ጋር መደራረብ አለበት፤ ለዚህም ጭድ፣ ሰጋቱራ ወይም ተከትክቶ የደቀቀ የገራባ እንጨት ይሆናል። ካርቦኑ ለናይትሮጅኑ ከ25 እስከ 30 ለ1 ቢሆን ጥሩ ነው። እርጥበቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ እፍኝ ዘግኖ ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው በቂ ነው፤ ከፈሰሰ ውኃው በዝቷል። ክምሩ በውስጡ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ካልሞቀ የአረሙ ዘር አይሞትም፤ ስለዚህ እየተገላበጠ ዳሩ ወደ መሀል መግባት አለበት። በመጨረሻም አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማ እንደሆነ ይነገራል፤ የአዊና የጎጃም ደጋ ደግሞ ከባሰባቸው አካባቢዎች ይመደባል። ብስባሽ የአፈሩን ሰውነት ያበረታዋል እንጂ አሲዱን የሚያበርደውን ኖራ አይተካም። በዚህ ጉዳይ ዩኒቨርሲቲው ብዙ ጥናት መሥራቱንም በኩራት ጠቀሰ።

ባይጠቅስ ይሻለው ነበር። ምላሽ 9 የአንዲት የግብርና ልማት ሠራተኛ ነው፤ ያ ጥናት በየትኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ እንደሆነ ጠየቀችው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በእንግሊዝኛ ተመርቆ፣ በእንግሊዝኛ የተቆለፈበትን ነገር ገበሬው እንዴት አድርጎ ማሳው ላይ እንዲበትነው እንደሚጠበቅ አልገባትም። ባለሙያው በምላሽ 10 ተከፍቶ፣ ግን ቃሉን ሳያበላሽ፣ የእርሱ ድርሻ ማጥናትና ማስተማር እንደሆነ፣ ወደ ገበሬው ማድረስ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ እንደሆነ መለሰ። ምላሽ 11 ላይ ያ ስም የለሹ ሰው ብቅ ብሎ ክሩ የተከፈተው ይህን መልስ ለመጠየቅ እንደነበር አስታወሰው። መራራ ነው፤ ሐሰት ግን አይደለም።

ምላሽ 12 ከደብረ ማርቆስ ነው። አረቄ አውጥተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ እመቤት ናቸው፤ ልጃቸው እየጻፈችላቸው ይመስለኛል። ትብብር የምትሉት ነገር እኛ ግቢ ውስጥ ስሙን ሳናውቀው ሲሠራ ኖሯል በሚል መንፈስ ነው የጀመሩት። ዳጉሳውና በቆሎው ከብቅሉና ከጌሾው ጋር ተደፍድፎ፣ ድፍድፉ በእሳት ተገርፎ አረቄው ከወጣ በኋላ ጋኑ ሥር የሚቀረው አተላ አለ። ከብት የሚያደልብ ጎረቤታቸው ማለዳ በርሜሉን በጋሪ ይዞ ይመጣል። ትኩሱን አይሰጡትም፤ አንድ ጊዜ አንድ በሬ ትኩሱን ያለ ልክ ጠጥቶ እንደ ሰው ሲንገዳገድ ውሏል፤ አቀዝቅዞ በጭድ እየለወሰ መስጠትን የተማሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ጎረቤቱ ለአተላው ብር አይከፍልም፤ የተፈለጠ ባሕር ዛፍና ኩበት ያመጣላቸዋል፤ ማውጫው ሌት ተቀን የሚበላው ማገዶ ነውና። የምድጃውን አመድ ደግሞ ከከተማው ዳር ድንች የምታመርት ሴት በከረጢት ትወስደዋለች፤ መሬቷ ጎምዛዛ ነው፣ አመዱ ያበርድላታል። እሷም በበዓል በበዓል ድንች ትሰድዳለች። ኮሚቴ የለም፤ ሰነድ የለም፤ አንዱ ቢቀር ሌላው በማግስቱ ቤቱ ሄዶ ይጠይቀዋል። እመቤቲቱ የጨረሱት ክሩን የከፈተውን ገበሬ ልጄ ብለው፣ መጀመሪያ አንድ ሰው እንዲፈልግ፣ አራት መሥሪያ ቤት እንዳይፈልግ በመምከር ነው።

የአፈር ባለሙያው እዚህ ላይ አንድ መስመር ጣል አድርጎ አመድ የአሲድነትን ጠባይ እንደሚቀንስ፣ የሴትየዋ ሥራ በሳይንስም ልክ እንደሆነ አረጋገጠ። ከምላሽ 13 እስከ 15 ግን የማርቆስና የዳንግላ አረቄ የትኛው እንደሚበልጥ ክርክር ተነሥቶ ሦስት ሰዎች ሊጣሉ ደረሱ። ሰርዤዋለሁ፤ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

ምላሽ 16 ከቡሬ ከብት አድላቢ ነው፤ ተቆጥቷል። የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ አርሶ አደሩና ፋብሪካው ይተሳሰራሉ መባሉን አስታወሰ። ዘይት ሲጨመቅ ፋጉሎ ይቀራል፤ ከዚያም የተሻለ የከብት መኖ የለም። ነገር ግን አንድ ዘይት ፋብሪካ ፋጉሎውን በመኪና ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው ሩቅ ይወስደዋል፤ የፋብሪካውን ጭስ የሚያሸተው አድላቢ በሦስተኛ እጅ ይገዛዋል። ምላሽ 17 በዘይት ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ሰው በከረጢት እየመዘነ ደረሰኝ ሊቆርጥ እንደማይችል በጨዋ ቋንቋ ገለጸ። አድላቢዎቹ ተደራጅተው፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይዘው፣ ሙሉ መኪና ቢያዝዙ ፋብሪካው ከነጋዴው የሚለያቸው ምክንያት አይኖረውም። አድላቢው መልሶ መደራጀት ማለት ምን ያህል ደጅ መጥናት እንደሆነ ጠየቀ፤ ለዚህ መልስ የሰጠ የለም። ምላሽ 18 ላይ አንድ የእንስሳት ሐኪም ገብቶ ነገሩን ወደ ጤና ወሰደው። የኑግ ፋጉሎ እርጥበት ባለበት ቤት ተከምሮ ከሻገተ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ይበዛበታል፤ መርዙ በላሟ በኩል ወደ ወተት ይሻገራል። ፋጉሎ በአግዳሚ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ይህን አድላቢ ሁሉ ያንብበው።

ምላሽ 19 ከዴንማርክ የሚጽፍ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው። ካሉንድቦርግ የሚባል ከተማ አለ አለን። የኃይል ማመንጫው ትርፍ እንፋሎት ለነዳጅ ማጣሪያና ለመድኃኒት ፋብሪካ ይሄዳል፤ ከጭስ ማጽጃው ይወጣ የነበረው ጂፕሰም ለግድግዳ ሰሌዳ ፋብሪካ ይሆን ነበር፤ ከመድኃኒት ሥራው የሚቀረው ዝቃጭ ማሳ ላይ ይበተን ነበር። መንግሥታችንም እንዲህ ያለ ዕቅድ እንዲያወጣ ጠየቀ። ምላሽ 20 ተሳለቀበት፤ እዚያ ቱቦ አለ፣ እኛ ዘንድ ከቡሬ ባሕር ዳር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው ያለው፤ እንፋሎቱን በጀሪካን እናምጣ ወይ ነው ነገሩ።

ምላሽ 21 ግን ሁለቱንም አረመ። ካሉንድቦርግን ያቀደው መንግሥት አይደለም። የተጀመረው በጎርጎርዮስ 1961 ለነዳጅ ማጣሪያው ከሐይቅ ውኃ ለማምጣት በተዘረጋ ቱቦ ነው። ከዚያ በ1972 የማጣሪያው ትርፍ ጋዝ ለሰሌዳ ፋብሪካው ተሸጠ። እንዲህ እያለ ሁለት ሁለት ጎረቤት ለጥቅሙ እየተዋዋለ ሄደ። ነገሩ ስም የወጣለት በ1989 ነው፤ ሰዎቹ ሥራውን ከጀመሩ ሃያ ስምንት ዓመት በኋላ። እኔ ይህንን ከማርቆሷ እመቤት ምክር ለይቼ ማየት አልቻልኩም። ከስብሰባ የተወለደ ትብብር የለም አልልም፤ ያየሁት የቆየ ትብብር ሁሉ ግን ከሁለት ሰው ውል ነው የተወለደው።

ምላሽ 22 ከአዊ ነው። ፋግታ ለኮማ ውስጥ ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ተክሎ ከሰል የሚያከስል ወጣት፣ ከሰሉ በከረጢት ሲሞላ መሬት ላይ የሚቀረው ብናኝ የትም እንደሚጣል ነገረን። ብናኙን በጭቃ ወይም በሞላሰስ አያይዞ ብሪኬት የሚባለውን የተጨመቀ ከሰል ማድረግ እንደሚቻል ያውቃል፤ መጭመቂያው ግን የለውም። ምላሽ 23 እንጅባራ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ያለው ሰው ነው፤ በእጅ የሚሠራ መጭመቂያ ሊበይድለት እንደሚችል፣ ናሙና እንዲያመጣለት ብቻ ጠየቀው። ምላሽ 24 ዲከረንሱን በሽታ እየጨረሰው ስለ ብናኝ ማውራት ቅንጦት እንደሆነ ተናገረ። እውነቱን ነው፤ በቅርብ ዓመታት የገባው የፈንገስ በሽታ ብዙ ማሳ አጥፍቷል። ወጣቱ ግን የታመመውም ዛፍ ተቆርጦ ከሰል እየሆነ ስለሆነ ብናኙ እንዲያውም እንደበዛ መለሰለት። ምላሽ 25 በሆነ መንገድ ስለ አዊ ፈረስ ሆነ።

ስለ እምቦጭ የጻፈም አልጠፋም፤ ምላሽ 26። ጣና ላይ በጎርጎርዮስ 2011 ከታየ ጀምሮ ስለ ቆሻሻ የተነሣ ክር ሁሉ እርሱ ጋ ሳይደርስ አይቀርም። ተነቅሎ ብስባሽ ይሁን የሚለውን ሐሳብ ምላሽ 27 በአጭሩ መለሰው። የባሰው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በእነ ፎገራና ደንቢያ በኩል ነው፤ ከክብደቱ ዘጠኝ አሥረኛው ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ስለሆነ ሜጫ ድረስ መጫን ውኃ መጫን ነው። እዚያው ቦታው ላይ ይሠራበት።

ምላሽ 28 የአንድ የአዴት አባወራ ነው። ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ ባለ 6 ሜትር ኩብ ባዮጋዝ አላቸው፤ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራሙ በጎርጎርዮስ 2009 ከጀመረ በኋላ ከተሠሩት አንዱ ነው። አራት ከብት አላቸው፤ እበቱን ከእኩል ውኃ ጋር መበጥበጡም አልከበዳቸውም። የቆመው በአንድ የምድጃ ቧንቧ መክፈቻ ምክንያት ነው፤ መለዋወጫው ባለመኖሩ ሚስታቸው ወደ ኩበት ተመልሳለች። ጉድጓዱን የቆፈረው አንዱ ቢሮ፣ ብድሩን የሰጠው ሌላው፣ መለዋወጫውን መሸጥ የነበረበት ሦስተኛው፤ ሦስቱም ሪፖርታቸው ላይ ሥራው ተጠናቋል። በጣም አዘንኩ፤ እንዲህ ያለውን የሁለት ጎረቤት ውል አይፈታውም።

ምላሽ 29 ፖለቲካ ስለነበር አንሥቼዋለሁ። ከውስጡ ለዚህ ክር የሚጠቅመው አንድ ነገር ነበር፦ መንገድ ሲዘጋ ጎመኑም፣ ፋጉሎውም፣ ኖራውም ባለበት ይቀራል።

ምላሽ 30 የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ክሩን እንደ አዲስ የከፈተው እርሱ ነው። ከቆጋ በኩል 50 ኩንታል አትክልት ጭኖ ባሕር ዳር ይገባል፤ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። መርዓዊ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ናፍጣው ባዶም ሆነ ሙሉ ያው ይቃጠላል። ስለዚህ የጎመኑን ቅጠል ለናፍጣው መደጎሚያ በሚሆን ዋጋ ሊመልሰው ፈቃደኛ ነው። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይጫን፤ ልቅ ሳይሆን በከረጢት ይሁን፤ ውኃ የሚያንጠባጥብ አይጭንም፣ አስፋልት ላይ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ያጣላዋልና። ማራገፊያውም ከአስፋልቱ ዳር ይሁን፤ ክረምት ላይ የማሳ መንገድ አይገባም። ከዚያ ማንም ያልደፈረውን ነገር በግልጽ አወጣው። ችግሩ መኪናም ገበሬም አይደለም፤ ጫኝና አውራጅ ነው። ጫኝና አውራጆቹ የሚያስከፍሉት ለከረጢት ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ጤፍ ይኑር ጥራጊ አይጠይቁም። በጤፍ ዋጋ የጎመን ቅጠል ካስጫነ ገበሬው ማዳበሪያ ቢገዛ ይረክሰዋል።

ዩኒቨርሲቲው፣ ማዘጋጃ ቤቱና ዩኒየኑ ሁሉ ሲወቀሱ ቆይተው፣ ሥራውን ይዞ የቆመው የአንድ ከረጢት የመጫኛ ሒሳብ ሆኖ ተገኘ። ይህ በየትኛውም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፎ አላየሁም።

ምላሽ 31 የአትክልት ተራ ነጋዴ ናት። ጥራጊውን ለማስነሣት አሁንም እየከፈለች ስለሆነ፣ 10 ሰዓት ላይ የሚወስድላት ከተገኘ ቅጠሉን ራሷ ከረጢት ውስጥ እንደምትከትት ቃል ገባች። ከረጢቱ ግን ታጥቦ ይመለስላት፤ የሽንኩርት ከረጢት በነጻ አይገኝም። የጽዳቷ እናት በምላሽ 32 ተመልሳ ማኅበሯ ቅጠሉን ከየነጋዴው ሰብስቦ መኪናው ጋ ሊያደርስ እንደሚችል፣ መጫኑንም የእርሷ ልጆች ቢሠሩት የዋጋው ጥያቄ ሊፈታ እንደሚችል ጻፈች። ምላሽ 33 የጫኝና አውራጅ ማኅበር አባል ነው፤ ይህ ሥራ ተመዝግቦ የተሰጠው ለእነርሱ መሆኑን፣ የጽዳት ሠራተኛ እጁን ቢያስገባ ጠብ እንደሚሆን ያለ ምንም ማለዘብ አስታወቀ። ክሩ እዚህ ላይ ሞቀ፤ ሁለት ስድብ አንሥቻለሁ።

መምህሩ በምላሽ 34 የተመለሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሰዓቱን ጠብቆ ነው መሰለኝ። ነጋዴ፣ ጽዳት፣ ሹፌር፣ ጫኝና ገበሬ አምስት ወገን መሆናቸውን ቆጠረና፣ ለጥራጊ የተለየ የመጫኛ ተመን ማን እንደሚያወጣላቸው ጠየቀ። ተመን የሚያወጣው የተሰበሰበ አካል ነው። ደግሞ ጎመን ዋጋ ስላለው ሁለት ሰው ይዋዋልበታል፤ የጤና ጣቢያ መርፌ፣ ያለቀ ባትሪና ዳይፐር ግን ማንም ስለማይገዛው ማን ይዋዋልበታል? ስም የለሹ ሰው በምላሽ 35 ስለ መርፌው እጁን ሰጠ፤ ስለ ተመኑም ኮሚቴው አንድ ቀን ብቻ ተሰብስቦ እንዲበተን፣ ሻይም እንዳይጠጣ አሳሰበ። የእኔ ሐሳብ ወደ መምህሩ ያደላል፤ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ አልስማማም። መጀመሪያ ሹፌሩና ነጋዴዋ ይዋዋሉ፤ ጫኙ ሲከለክላቸው ያን ጊዜ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚያቀርቡት ጉዳይ ይኖራቸዋል። ጉዳይ የሌለው ኮሚቴ ሥራ ፈጣሪ ነው፤ ለራሱ።

ምላሽ 36 የአፈር ባለሙያው ነው፤ የምላሽ 9 ነገር ሳይቆረቁረው አልቀረም። ከመጀመሪያው ክምር ናሙና በነጻ ሊመረምር፣ ውጤቱንም በአማርኛ ጽፎ ቀበሌው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ሊሰጥ ቃል ገባ። ክምሩ ከኅዳር በኋላ በበጋ እንዲጀመር፣ ከላይም ሣር እንዲለብስ አሳሰበ። ከዚያ ግን ሁሉንም ያስደነገጠ ነገር አነሣ። የሽንኩርት ጥራጊ ወደ ሽንኩርት ማሳ መመለስ የለበትም። የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ሥር የሚያበሰብሰው ፈንገስ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ በደንብ ያልሞቀ ክምር አይገድለውም። ባሕር ዳር የሚራገፈው ሽንኩርት ደግሞ ከየት ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በነጻ የመጣ ብስባሽ የቆጋን መስኖ በበሽታ ሊሞላ ይችላል ማለት ነው።

ክሩን የከፈተው ገበሬ ምላሽ 37 ላይ ብዙ አልተከራከረም። ሽንኩርቱ ይቅር፣ ጎመኑ ብቻ ይምጣ፤ እርሱም ለበቆሎው ይሁን ብሎ ቆረጠው። ማራገፊያ ቦታ ከአስፋልቱ ዳር እንዳለውም ጨመረ። ባለሙያው ቲማቲሙም እንዲቀር ጠየቀ፤ ነጋዴዋ ቲማቲሙን መለየት እንደማይከብዳት፣ ከጎመኑ ቀድሞ በእግሯ የምትረግጠው እርሱ እንደሆነ ቀልዳ አለፈች።

ምላሽ 38 ላይ ሹፌሩ የመኪናውን አልጋ ማን እንደሚያጥበው ጠየቀ። ማታ ጥራጊ የጫነበት ላይ በማግስቱ ሰው የሚበላውን ጎመን ይጭንበታል፤ ቅዳሜ ደግሞ ጤፍ። በምላሽ 39 ገበሬው የመስኖ ቦዩ ከማራገፊያው እንደማይርቅ፣ ልጆቹ በማግስቱ ጠዋት ሊያጥቡለት እንደሚችሉ መለሰ። ሹፌሩ እዚያው ላይ ጨምሮ ጠዋት ሳይሆን ያንኑ ማታ፣ እርሱ ቆሞ እያየ መታጠብ እንዳለበት ጻፈ፤ ለአጠባው ሰዓትም ተጨማሪ ዋጋ ጠየቀ። ገበሬው እስካሁን አልመለሰም፤ የውኃ ተራው ደርሶ ማሳ ላይ ሳይሆን አይቀርም።